ወረቀት የማይዘው ዜማ

የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ፣ ጣልያን አገር አሬዞ በምትባል ከተማ፣ ጉይዶ የሚባል መነኩሴ የካቴድራሉን ልጆች ዜማ ያስተምር ነበር። ልጆቹ አሥር ዓመት ለፍተውም አንድ አዲስ መዝሙር ገልጠው ብቻቸውን ማዜም ያቅታቸዋል። መምህሩ አስቀድሞ ካላዜመላቸው ብራናው ዝም ይላቸዋል። ይህ ነገር ጉይዶን አንገበገበው። በ1025 አካባቢ (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከቃላቱ በላይ መስመሮች አሰመረ። መስመሩም፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተትም የየራሳቸው ድምፅ ተሰጣቸው። አሥር ዓመት ይፈጅ የነበረው ትምህርት ከእንግዲህ በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት ያልቃል ብሎም ጻፈ። ዛሬ በሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ባለ አምስት መስመር ኖታ የዚያ ሥራ ተወላጅ ነው።

ይህን ሳነብ ቀናሁ። እኔ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው በኩል ቆሎ ተማሪ ሆኜ ዜማ ስማር መስመር የሚባል ነገር አልነበረም። ጾመ ድጓውን ዘልቄ ዋናው የዜማ መጽሐፍ ድጓ ላይ ሳለሁ ወደ አስኳላ ተሻገርሁ። አሁን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ በስልኬ የአውሮፓን የድሮ ሙዚቃ እሰማለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስሰማ ከርሜ ቅናቱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። የለቀቀኝም ጉይዶ ሳይሳካለት ቀርቶ አይደለም፤ ሥራው እጅግ ተሳክቶለታል፤ ከስኬቱም ጋር የጠፋ ነገር አለ።

ዜማ ቤት ገብቶ ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮህ፣ የቃል ትምህርት ነው። መብራት የለም፣ መጽሐፍም አይገለጥም። አንዱ ያዜማል፣ ሌላው ይቀበላል። ነግቶ ፀሐይ ሞቅ ሲል ተማሪው ብራናውን ይዞ የኔታ እግር ሥር ይቀመጥና ምልክቱን እየተከተለ ይቀጽላል። የኔታ መጽሐፍ አይዙም። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንዳንዴም ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የተኙ ይመስላሉ። አንዲት ርክርክ፣ የምትርገበገበዋ ድምፅ፣ ከልኳ ካጠረች ግን «መልስ!» ይላሉ። ትመልሳለህ። ደግመህ ታሳጥራለህ፤ «መልስ!» በመካከሉ አኩፋዳ አንጠልጥሎ መንደር መዞር፣ ከውሻ ጋር መታገል፣ ጎጆ መክደን አለ። ድጓ የሚማር ሰው ድጓውን ራሱ በመቃ ብርዕ የመገልበጥ ልማድም ነበረበት፤ ቃሉን በጎላ ፊደል፣ ምልክቱን ከቃሉ በላይ በደቃቁ እየጻፈ።

ይህ ምልክት ነው ለአውሮፓ ሊቃውንት ትልቅ ነገር የሆነባቸው። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቅርጽ ነው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ቁርጥ ይባላል። ድምፅ የት እንደሚያዝ፣ የት ወደ ደረት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚርገበገብ፣ የት እንደሚደፋና እንደሚቆረጥ ያመለክታል። ሌላው ሥረይ የሚባለው ነው። ሥረይ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ሆኖ ከቃሉ በላይ ይቀመጣል። ፊደሎቹ የሌላ መዝሙር ቃል ምህጻር ናቸው። «ይህን ቦታ እዚያ መዝሙር ላይ ያንን ቃል እንዳዜምኸው አዚመው» ማለት ነው። ያንን መዝሙር አስቀድሞ በቃሉ ያልያዘ ሰው ፊደሉን አይቶ ምንም አያገኝም። የያዘ ሰው ደግሞ በሁለት ፊደል ውስጥ ረጅም ሐረግ ዜማ ይፈታለታል። እንዲህ ያሉ ሥረዮች በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ ሦስቱ የዜማ ስልቶች፣ ግዕዙም፣ ዕዝሉም፣ አራራዩም የየራሳቸው አሏቸው።

እንግዲህ የጉይዶ መስመር ለማያውቅ ሰው ያሳያል፤ የእኛ ምልክት የሚያውቀውን ያስታውሳል። ልዩነቱ ጥቃቅን ይመስል ይሆናል፤ የሁለቱን አገር ዜማ ዕድል የለየው ግን እርሱ ነው። አውሮፓም ከጉይዶ በፊት እንደኛው ነበረች። በስዊዘርላንድ የሳን ጋል ገዳም በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉት የዜማ መጻሕፍት ከቃላቱ በላይ መስመር የሌላቸው ጭረቶችና ቅልብስ ምልክቶች አሏቸው፤ ድምፁ መውጣቱንና መውረዱን ይናገራሉ፣ ከየት ተነሥቶ እስከየት እንደሚደርስ አይናገሩም። እነዚያን ገጾች በፎቶግራፍ ሳያቸው ከድጓ ገጽ ጋር የወንድማማች ያህል ተመሳሰሉብኝ።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን፣ አክሱም ላይ ዜማውን እንደ ደረሰ፣ ዛፍ ለመውጣት ደጋግሞ ከወደቀው ትል ጽናት እንደ ተማረ፣ የንጉሡ ጦር እግሩን ሲወጋው እንኳ እንዳልተሰማው አንባቢ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው የምልክቱ ታሪክ ነው። ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት ምልክቱን የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው፤ ቦታው ወሎ ተድባበ ማርያም፣ ዘመኑ የአፄ ገላውዴዎስ ነው፤ ከ1540 እስከ 1559። ኬይ ካውፍማን ሸለመይ እና ፒተር ጄፈሪ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር የድሮ የዜማ ብራናዎችን ሲመረምሩ ምልክቱ በብራና ላይ መታየት የሚጀምረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑን አገኙ። የየኔታዎች ትረካና የብራናው ምስክርነት ገጠሙ። ጥናቱ በ1993 የወጣው የአውሮፓን የጥንት ሙዚቃ ታሪክ በሚያጠና በካምብሪጅ መጽሔት ላይ ነው፤ የድጓ ዜማን ከአውሮፓ የጥንት ሙዚቃ ጋር በአንድ መጽሔት ታትሞ ማየት ለእኔ ደስ የሚል ነገር ነው።

ምልክቱ ለምን በዚያ ዘመን መጣ? ታሪክ አስተማሪ ነኝና ግምቴን ልናገር። የግራኝ አሕመድ ጦርነት ያኔ ነው ያበቃው፤ ገላውዴዎስ ግራኝን ድል ያደረገው በ1543 ነው። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ መጻሕፍት ጠፍተዋል፣ ካህናት አልቀዋል። ዜማ በየኔታ ጉሮሮ ውስጥ ብቻ ሲኖር የኔታ በሞተ ቁጥር አንድ ድጓ አብሮ ይቀበራል። ጌራና ራጉኤልን ወደ ብራና ያስቸኮላቸው ይህ ፍርሃት ይመስለኛል። በዚያው ጊዜ፣ በ1554፣ ሮም ላይ ፓሌስትሪና የተባለው ታላቅ ደራሲ የመጀመሪያውን የቅዳሴ ዜማ መጽሐፉን አሳተመ። አዎ፣ አሳተመ፤ ቬኒስ ውስጥ ፔትሩቺ የተባለ አታሚ የብዙ ድምፅ ዜማን በማተሚያ ማተም የጀመረው በ1501 ነው። እነሱ ዜማን በመቶ ቅጂ ሲበትኑ እኛ በአንድ ብራና ላይ ሁለት ፊደል እንጭር ነበር።

በዚያ ዘመን ሁለቱ ዜማዎች ባይዋሐዱም አንዱ ሌላውን በሩቁ ሰምቶታል። ሮም ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ያለችው የሐበሾች እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ ነበረች። በ1511 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ቄስ እነዚህን መነኮሳት ሲያዜሙ ሰማ። ከማያውቀው ቋንቋ ውስጥ የማርያምንና የቅዱሳንን ስም ለየ፤ ጓጓና ግዕዝ ተማረ። በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳተመ፤ በዓለም የመጀመሪያው የታተመ የግዕዝ መጽሐፍ እርሱ ነው። ከዜማ የተነሣ መጽሐፍ ነው ብል አላጋነንሁም።

ከወዲህ በኩል የነገሩ ጫፍ ጎጃም ላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያለችውን መርጡለ ማርያምን ያሳነጸችው ንግሥት እሌኒ ናት። የሐድያ ባላባት ልጅ፣ የአፄዎች አማካሪ፣ ብልህ ሴት ነበረች። በ1509 በአርመናዊው ማቴዎስ እጅ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ የላከችው እርሷ ናት። መልሱ ዘግይቶ በ1520 ምጽዋ ደረሰ፤ ዶም ሮድሪጎ ደ ሊማ የሚመራው የመልእክተኞች ቡድን። ከስጦታዎቹ መካከል ኦርጋን ነበረ። የኦርጋኑ ተጫዋች ስሙም ተመዝግቧል፤ ማኑኤል ደ ማሬስ ይባላል። ከቡድኑ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የኛ ካህናት በከበሮና በጸናጽል እየዘለሉ ሲያመሰግኑ አይቶ ተገርሟል፤ መጽሐፉ በ1540 ታተመ። እሌኒ እንግዶቹ ገና አገር ውስጥ ሳሉ ዐረፈች። መርጡለ ማርያምም በኋላ በግራኝ ጦርነት ተቃጠለች።

ከመቶ ዓመት በኋላ ፈረንጆቹ እዚያው መጡ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የጀስዊት ሚሲዮናውያን ጎጃም ውስጥ ቆለላን የመሰሉ መቀመጫዎች ነበሯቸው፤ በመርጡለ ማርያም ግቢ ዛሬም የሚታየው ጌጠኛ የድንጋይ ፍርስራሽ የእነሱ እጅ አለበት። ሱስንዮስ ካቶሊክነቱን ዐወጀ፣ የላቲን ሥርዓት በግድ ሊተከል ተሞከረ፣ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 ልጁ ፋሲለደስ ሁሉን ወደ ነበረበት መለሰ። የላቲኑን ሥርዓት ከነዜማው የገፋው ሕዝብ ነው። በነገራችን ላይ በዚያው ወቅት ቬኒስ ውስጥ የዜማ አለቃ የነበረው ክላውዲዮ ሞንቴቬርዲ ነው፤ «ኦርፌዎ» የተባለውን ኦፔራ በ1607 የደረሰው። ከ1613 እስከ ሞተበት እስከ 1643 ያገለገለበት ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ማርቆስ ነው። የእኔ ከተማም መንቆረር ይባል የነበረውን ስሟን ትታ በዚያው ቅዱስ ስም ትጠራለች።

ይህ የስም መገጣጠም ብቻ ቢሆን አላነሣውም ነበር። የቬኒሱ ማርቆስ የታወቀበት ነገር ዘማሪዎቹን ሁለት ቦታ ከፍሎ ፊት ለፊት ማቆሙ ነው፤ አንዱ ወገን ያዜማል፣ ሌላው ከማዶ ይመልሳል። ጆቫኒ ጋብርኤሊ ለዚህ ብሎ የጻፈው ሙዚቃ ዛሬም ይደመጣል። የኛው ማርቆስስ? ቀኝ ጌታ በቀኝ፣ ግራ ጌታ በግራ፣ መሪጌታው ሁሉን እየመራ፣ ሁለቱ ወገኖች ሌሊቱን ሙሉ እየተቀባበሉ ያድራሉ። ልዩነቱ ቬኒስ ሁለቱ ወገኖች አንድ ላይ ሲገጥሙ እያንዳንዱ የተለያየ ድምፅ ይዞ መደራረቡ ነው። አውሮፓ ፓሪስ ውስጥ ፔሮቲን የተባለ ደራሲ በ1200 አካባቢ አራት ድምፅ ካደራረበ ወዲህ ልቧ ወደ ድርቡ ሄደ። የእኛ አንድ ዜማ ነው፤ ሁሉም ያንኑ ይላል። ጥልቀቱ ወደ ላይ በመደራረብ ፈንታ በርክርኩ ውስጥ ነው ያለው። ለድርብ ድምፅ የለመደ ጆሮ መጀመሪያ አንድ ዓይነት ይመስለዋል። አንድ ሰዓት ይታገሥ።

አሁን ወደ ጠፋው ነገር ልምጣ። የአውሮፓ ኖታ እየጠራ በሄደ ቁጥር መምህሩ አላስፈላጊ እየሆነ ሄደ። ወረቀቱ በቂ መሰለ። ፋሽን ሲለወጥ ደግሞ አሮጌው ወረቀት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፣ የሚያዜመውም ሰው ሞተ። ጀርመናዊው ደራሲ ዮሐንስ ሰባስቲያን ባሕ በ1750 ዐረፈ፤ የማቴዎስ ወንጌል ሕማማት የተባለውን ታላቅ ሥራውን ሕዝብ መልሶ የሰማው ሜንደልሰን በ1829 በርሊን ላይ ሲያቀርበው ነው። ባሕ እንኳ እንዲህ ከሆነ ከእርሱ በፊት የነበሩትን አስቡት። የ12ኛው ክፍለ ዘመን እማሆይ ሂልደጋርድ የደረሰቻቸው መዝሙሮች ለዘመናት ተረስተው ኖሩ። መሣሪያዎቹም አብረው ሄዱ፤ በጉልበት መካከል የሚያዘው ቪዮላ ዳ ጋምባ፣ ቁልቁል የሚነፋው የእንጨት ዋሽንት፣ ሉት የሚባለው ባለ አንገት የአውታር መሣሪያ የሙዚየም ዕቃ ሆኑ።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ግን የሚያስደንቅ ነገር ተነሣ። አርኖልድ ዶልሜች የተባለ ሰው እንግሊዝ ውስጥ የጠፉትን መሣሪያዎች በእጁ እየሠራ መጫወት ያዘ። በ1953 ኒኮላውስ አርኖንኩር ቪየና ውስጥ በጥንት መሣሪያ ብቻ የሚጫወት ቡድን አቋቋመ። የብረት አውታር ጥለው ወደ በግ አንጀት ተመለሱ። የዛሬ ኦርኬስትራ «ላ» የሚለውን ድምፅ በ440 ሄርዝ ሲቃኝ፣ የባሕን ዘመን ሙዚቃ፣ ባሮክ የሚባለውን፣ የሚጫወቱት በአብዛኛው ወደ 415 ያወርዱታል። ስለ አንዲት ርክርክ አጀማመር፣ ከላይ ይሁን ከታች፣ ወፍራም መጽሐፍ ይጻጻፋሉ። ፈረንሳይ የሶሌም ገዳም መነኮሳት የጎርጎርዮስ የሚባለውን የጥንት የላቲን ቤተ ክርስቲያን ዜማ ለመመለስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከየአገሩ ብራና ያስሱ ነበር፤ ከ1889 ጀምሮም የብራናዎቹን ፎቶግራፍ በጥራዝ አሳተሙ። ሆኖም የዜማው ምት እንዴት እንደሆነ እነርሱ ራሳቸው ተከራከሩበት። የሚመልስላቸው ሰው የለማ! ማርሴል ፔሬስ የሚባል ፈረንሳዊ መሪ መልሱን ፍለጋ ዜማን በቃል የወረሱ የኮርሲካ ደሴት ዘማሪዎችን ከቡድኑ ጋር አዘመረ። ቅድም የጠቀስሁት ፒተር ጄፈሪ ደግሞ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጎርጎርዮስ ዜማ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬም በቃል የሚያስተምሩ ሕያው ትውፊቶችን ይመልከት ብሎ ተከራከረ።

አንድ ዓመት ለበዓል ወደ አገሬ ስሄድ ስልኬን ይዤ የኔታ ዘንድ ቀረብሁ። የሶሌም መነኮሳትን ዜማ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያልቅ ዝም አሉ።

«ደኅና ነው። መምህራቸው ማን ይባላል?»

«የኔታ፣ መምህር አልነበራቸውም። ከድሮ ብራና ነው ያወጡት።»

«ብራናውን ማን ቀጸለላቸው?»

«ማንም። አጥንተው ገምተው ነው።»

ትንሽ ቆዩና «አይ ድካም!» አሉ። በሐዘን ነው ያሉት፣ በንቀት አይደለም። ቀጥዬ የባሕን የኦርጋን ፉጋ፣ ድምፆች አንዱን ዜማ እየተከታተሉ የሚደራረቡበትን፣ ከፈትሁላቸው። ይኼኛውን ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙት። «ስንት ሰው ነው?» አንድ ሰው ነው ብላቸው አላመኑኝም። በእግሩም ይጫወታል አልኋቸው። «እግሩንም? እንግዲያማ ይኼ ሰው አቋቋም ያውቃል» ብለው ሳቁ።

የኔታ በቀልድ ያሉት ከእውነቱ ሩቅ አይደለም። የጥንት አውሮፓ ሙዚቀኛ ከወረቀት የሚያነብ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ፈጣሪም ነበር። የባሮክ ኦርጋን ተጫዋች ከፊቱ የሚቀመጥለት የታችኛው ድምፅና ጥቂት ቁጥር ነው፤ የቀረውን እዚያው ይሞላዋል። በ1747 ባሕ ፖትስዳም ቤተ መንግሥት ገባ። ንጉሥ ፍሬድሪክ ሁለተኛው አንድ አስቸጋሪ ዜማ ሰጠውና በዚህ ላይ ፉጋ አውጣ አለው፤ ባሕ እዚያው ተቀምጦ ባለ ሦስት ድምፅ ፉጋ አወጣ። አውሮፓውያን ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ እንደ ተአምር ይተርኩታል። ጎጃሜ ሲሰማው ግን ቅኔ ዘረፋ ነው የሚመስለው። ሰው ሁሉ ጎጃምን በቅኔ ያውቀዋል፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ሲባል። ቅኔ ዜማ መሆኑን ግን ብዙ ሰው ይዘነጋል። ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና፣ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ፣ ሁሉም የየራሳቸው የዜማ ልክ አላቸው። በማኅሌት ላይ ዘራፊው ቅኔውን ቤት በቤት ይነግረዋል፣ ተቀባዩ በዜማ ይቀበለዋል። ለዚያ ዕለት የተፈጠረ ነው፤ ነገ አይደገምም። ንጉሥ ፊት አንድ ጊዜ የተደረገው እዚህ በየበዓሉ ይደረጋል፣ ያውም ሌሊት ቆሞ።

ድምፁን ከወረቀቱ በላይ የማስቀደሙን ነገር በአንድ ሰው ልዝጋው። አለቃ አያሌው ታምሩ፣ የጎጃም ተወላጅ፣ በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጡ ሰው ናቸው። ያም ሆኖ ቅኔውንም መጻሕፍቱንም ዘልቀው ከቤተ ክርስቲያናችን ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ሆኑ። በኖታ ብቻ በሚሄድ ትምህርት ዓይነ ስውር ልጅ በሩ ላይ ይቀር ነበር። በቃል በሚሄድ ትምህርት ግን ከሌሎቹ እኩል ይጀምራል።

ትውፊት ማለት ምንም ያልተለወጠ ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ከጣና ማዶ፣ ከፎገራ የወጡት አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ብቻ ነው የሚታወሱት። ሰውዬው ግን የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። ተክሌ የሚባለውን የዝማሜ፣ በመቋሚያ የመወዛወዝ፣ ስልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጡት እርሳቸው እንደሆኑ ሊቃውንቱ ይናገራሉ፤ የጣና ማዕበልና የዳሩ ደንገል ሲወዛወዝ አይተው ነው ይባላል። የጎንደር ካህናት አልቀበልም አሉ። ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረውና ስሙን ይዞ ቀረ። በአዲስ ነገር ላይ የተነሣ ክርክር፣ የተገፋ ሊቅ፣ በልጅ የጸና ስልት፤ ከማንኛውም የቬኒስ ወይም የፓሪስ ታሪክ የማያንስ የሙዚቃ ታሪክ ነው።

ከመሣሪያዎቻችንም በገና አለ። አሥር አውታር፣ ጥንት ከበግ አንጀት የሚገመድ፤ ዛሬ ብዙዎች ናይለን ያስሩበታል። ያ እንደ ንብ የሚያሰማው ነዛሪ ድምፅ የሚመጣው በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ ከዕንዚራዋ ነው። የአውሮፓ የሬነሳንስ ዘመን ሀርፕም አውታሩን ነካ የምታደርግ ጠማማ የእንጨት ችካል ነበረችበት፤ ያው ንዝረት እንዲወጣ። በኋላ ንጹሕ ድምፅ ይሻላል ብለው ነቀሏት። በቅርቡ የጥንት ሙዚቃ ተጫዋቾች ያቺን ችካል ከሥዕልና ከሙዚየም ፈልገው መልሰው ተከሏት። የበገና መምህሩ ዓለሙ አጋ የዳዊትን በገና ለዓለም ሲያሰሙ ዕንዚራው ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ዛሬ ዜማ ቤት የሚገባ ልጅ ስልክ ይዞ ይገባል። የኔታ ሲያዜሙ ይቀዳል፣ ጎጆው ገብቶ ደጋግሞ ይሰማል። አንዳንድ መምህራን ይቆጣሉ፤ እኔ አልቆጣም። ጌራና ራጉኤል ስልክ ቢኖራቸው ይቀዱ ነበር። ቅጂው ለአውሮፓውያኑ የጠፋባቸውን ድምፅ ለእኛ ያቆይልናል። «መልስ!» ግን አይልም። ልጁ ርክርኩን ቢያሳጥር ስልኩ ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ስለዚህ ድጓ ዐውቄአለሁ የሚል ሰው አሁንም ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ከመምህር ፊት ማስመስከር አለበት፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ዙር አምባ ይወጣል። ጉይዶ ያስቀረው አሥር ዓመት እዚህ አልቀረም። እኔ ራሴ ሳልጨርሰው የወጣሁት ሰው እንደመሆኔ ርዝመቱን አላቆላምጠውም፤ ብዙ ጥሩ ጉሮሮ በረሃብና በመሰልቸት መንገድ ላይ ይቀራል። ቢያንስ የተማሪው ምግብና የመምህሩ ደመወዝ ከልመና ይውጣ ባይ ነኝ። አውሮፓ የጠፋውን መልሶ ለመገመት የምታወጣውን ገንዘብ ሳስብ፣ ያልጠፋውን ለመቀለብ የሚያስፈልገው ጤፍ ከምንም አይቆጠርም።

መስማት የምትፈልጉ ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር መግቢያ ባሉት ቅዳሜ ሌሊቶች ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ በአቅራቢያችሁ ባለ ደብር ይሆናል። ደብረ ማርቆስ መምጣት የምትችሉ ደግሞ ለሚያዝያ 30፣ ለማርቆስ በዓል ዋዜማ ኑ። ደጋ ነውና ጋቢ ያዙ። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ ቁም ዜማው ይባላል፤ ያው ቃል በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ መረግድ ይሆናል፤ በመጨረሻ ጽፋቱ ይፈጥናል። ቃሉን ባትሰሙት ግድ የለም፣ አንዱን ቃል ይዛችሁ በአራቱም ላይ ተከተሉት። ከበሮው ሲደምቅ አብዛኛው ምእመን ያለቀ መስሎት ይወጣል። ቅኔው ገና ነው፤ ቆዩ።